ስም የሌለው ስኒ

ኤግዚቢሽንና ባዛር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን ድንኳኑ፣ ባነሩና የድምፅ ማጉያው ነው። በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ ቡናው ከኮረሪማው፣ ከጥምዙና ከማሩ ጎን ተዘርግቶ ቢታይ ደስ ያሰኛል። ቡና ግን በዓይን አይዳኝም። የቡና ትርኢት ልቡ የቅምሻው ጠረጴዛ ነው።

ሥራው ከዋዜማው ይጀመራል። ገበሬው ያመጣው ናሙና ኮድ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ የማን እንደሆነ የሚያውቀው መዝገቡን የያዘው ሰው ብቻ ነው። ጥሬው ተመዝኖ እንከኑ ይለያል፤ ብዙ ሳይጠቁር ይቆላና ቢያንስ ስምንት ሰዓት ያርፋል። ከዚያ ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም እየተመዘነ ይፈጫል። ከአንዱ ናሙና አምስት ስኒ ይዘጋጃል፤ አንዲት የተበላሸች ፍሬ ያለችበት ስኒ ከሌሎቹ አራቱ ጋር ሲተያይ ወዲያው ይታወቃልና።

የፈላው ውሃ ከተጨመረ አራት ደቂቃ ሲሞላው ቀማሹ ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን ወደ ስኒው ያስጠጋል፤ ላዩ ላይ የሰፈፈውን ዱቄት በማንኪያ ጀርባ ገፋ ያደርገዋል። ታፍኖ የቆየው መዓዛ ያኔ ነው የሚወጣው፤ ጠረጴዛው ዙሪያ ማንም አይናገርም። በረድ ሲል በማንኪያ እየጨለፈ በኃይል ይምገዋል፣ ምላሱንና ላንቃውን እንዲያዳርስለት። ከዚያ ይተፋና ከ100 ነጥብ ይሰጣል። 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ስፔሻሊቲ ይባላል።

እንዲህ ያለው ጠረጴዛ ምን እንደሚያደርግ ጌሻ የተባለው የራሳችን የቡና ዝርያ ምስክር ነው። ከዚሁ ከደቡብ ምዕራቡ ጫካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተወሰደው ዘር በምሥራቅ አፍሪካ አድርጎ ኮስታሪካ፣ ከዚያም ፓናማ ገባ። ለአሥርት ዓመታት ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ የቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ፤ ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላው ፓውንዱ በጨረታ 21 ዶላር አወጣ። ዓለም ጌሻ የሚለውን ስም የለመደው ከዚያ ወዲህ ነው።

ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለ የቡና ጥራት ውድድር አካሄደች። ከ1,459 ናሙና 28ቱ ለጨረታ በቁ፤ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ገበሬ ቡና ፓውንዱ 407 ዶላር ተሸጠ።

የቡና ኤግዚቢሽን የምታዘጋጁ ወገኖቻችን፣ ከመድረኩ በፊት ለአንድ ረጅም ጠረጴዛ ቦታ ያዙ። ከቤንች፣ ከሸካና ከካፋ ናሙናውን ተሸክሞ የመጣ ገበሬም ነጥቡን፣ ጉድለቱንም ጭምር፣ ሳይሰማ ወደ ቤቱ አይመለስ።