ሥዕል ስለ መማር

ልጆች ሆይ፥ ፊደል የቈጠረ ሰው ያሰበውን በጽሕፈት ይገልጻል፤ ሥዕል የተማረ ሰው ግን ያየውን ያለ ቃል ያሳያል። ጽሕፈትን የሚያነብ ቋንቋውን የሚያውቅ ብቻ ነው፤ ሥዕልን ግን ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ፥ ፊደል ያልተማረ እረኛ፥ አፉን ያልፈታ ሕፃን እንኳ ተመልክቶ ደስ ይለዋል። ስለዚህ ሥዕል በትምህርት ቤት ከንባብና ከቍጥር አጠገብ ስፍራ የተሰጠው ለጨዋታ ብቻ አይደለም።

ብዙ ተማሪዎች ግን ሥዕል ከእናት ማሕፀን ይዘውት የሚወለዱት ስጦታ እንጂ የሚማሩት ሙያ አይመስላቸውም። አንዱ፥ «እጄ አይታዘዝልኝም» ይላል፤ ሌላው፥ «ያየ ሁሉ ይሥቅብኛል» ብሎ ደብተሩን ይሸፍናል። ይህ አሳብ የቀና አይደለም። እርግጥ ነው፥ ስጦታ ከሰው ሰው ይበላለጣል፤ ነገር ግን ፊደል በመደጋገም እንደሚታወቅ ሥዕልም በትጋት ይታወቃል። መንገዱም ይህ ነው።

ሥዕል በመጀመሪያ የዓይን ትምህርት ነው፤ የእጅ ትምህርት ከዚያ በኋላ ይመጣል። አንድ ሲኒ በፊታችሁ አስቀምጡና ተመልከቱ። የሲኒው አፍ ክብ መሆኑን ስለምታውቁ እጃችሁ ክብ አድርጎ ሊሥለው ይቸኵላል። ዳሩ ግን በትክክል ከበላዩ ሆናችሁ ካላያችሁት በቀር አፉ ለዓይናችሁ ክብ ሆኖ አይታይም። ከጎን ስታዩት ክቡ ይጠብና ሞላላ ይሆናል፤ ዝቅ ብላችሁ አፉን ከዓይናችሁ ጋር ትክክል ያደረጋችሁት እንደ ሆነ ግን አንድ ቀጥ ያለ መሥመር ብቻ ይመስላል። ሲኒው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ያያችሁበት ስፍራ ነው። እንግዲህ ጀማሪ የሚሥለው የሚያውቀውን ነው፤ የተማረ ግን የሚያየውን ይሥላል።

ሁለተኛው ትምህርት መለካት ነው። ጀበና ለመሣል ብትፈልጉ እርሳሳችሁን ያዙና ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ፤ አንድ ዓይናችሁንም ጨፍኑ። የእርሳሱን ጫፍ ከጀበናው አፍ ጋር አጋጥሙ፤ አውራ ጣታችሁንም አንገቱ በሚያልቅበት ልክ እርሳሱ ላይ አሳርፉ። አሁን የአንገቱን ቁመት ያዛችሁ ማለት ነው። ይህ ልክ በሆዱ ቁመትና ስፋት ላይ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ቍጠሩ። ክንዳችሁን ካጠፋችሁ ልኩ ይበላሻልና ተጠንቀቁ።

የሰውም መልክ ልክ አለው። ብዙ ልጆች ሰው ሲሥሉ ዓይንን ወደ ግንባር ያወጡታል። በመስተዋት ፊት ቆማችሁ ብትለኩት ግን ዓይን ከራስ አናት እስከ አገጭ ካለው ርቀት እኵሌታ ላይ ታገኙታላችሁ። ደግሞ የአዋቂ ሰው ቁመት ራሱን ሰባት ጊዜ ተኩል ያህል ነው፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን አራት ጊዜ ብቻ ያህላል። ሕፃንን እንደ አዋቂ አድርጎ የሣለ ሰው ትንሽ ሽማግሌ ያወጣል እንጂ ሕፃን አያወጣም።

ሦስተኛው ትምህርት ብርሃንና ጥላ ነው። ብርሃን በግራ በኩል ካለው መስኮት ቢገባ የጀበናው ግራ ይበራል፥ ቀኙ ይጨልማል፥ ጥላውም ወደ ቀኝ ይወድቃል። በክብ ነገር ላይ ብርሃን ወደ ጥላ የሚለወጠው ቀስ በቀስ ነው፤ በቤት ማዕዘን ላይ ግን በድንገት ይለወጣል። ይህን የለየ ልጅ በአንድ እርሳስ ብቻ ክቡን ክብ፥ ማዕዘኑን ማዕዘን አድርጎ ማሳየት ይችላል። ቀለም ያገኘ ልጅ ደግሞ ቢጫንና ሰማያዊን ቢቀላቅል አረንጓዴ፥ ቀይንና ቢጫን ቢቀላቅል ብርቱካን መልክ ያገኛል። ሩቅ ያለውን ተራራ ሲሥልም በመካከል ያለው አየር ሰማያዊና ደብዛዛ እንደሚያደርገው አይርሳ። ወረቀትና ቀለም የጐደለው ልጅም አይዘን፤ ከሰልና ጠፍጣፋ ድንጋይ ለልምምድ ይበቁታል።

በአገራችን የሥዕል ጥበብ እጅግ ጥንታዊ ነው። በአድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት ሥዕል ያለባቸው የብራና ወንጌሎች ከ1300 ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ እንዳላቸው በምርመራ ታውቋል። የቀድሞዎቹ ሠዓሊዎች ሥዕልን የተማሩት ከመምህራቸው አጠገብ ተቀምጠው፥ ቀለም እየፈጩ፥ የመምህሩን ሥራ እየተመለከቱ ነበር። በእነርሱ ሥዕል ደጋጎች በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ሲታዩ፥ ክፉዎች ብዙ ጊዜ ከጎን በአንድ ዓይን ይታያሉ። ይህ ሥዕል ማን ደግ፥ ማን ክፉ እንደ ሆነ ሊያስተምር እንጂ ጥላና ብርሃን ሊያሳይ አልተሣለም። ስለዚህ «ጥላ የለውም» ብሎ የሚነቅፈው ሰው፥ የማያውቀውን ቋንቋ ሰምቶ ትርጕም የለውም እንደሚል ሰው ነው።

ከዚያም በኋላ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተከፈተ። መሥራቹ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ነበሩ፤ ትምህርት ቤቱም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ሌላው ስመ ጥር ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። ገና ወጣት ሳሉ ወደ እንግሊዝ አገር የሄዱት የማዕድን ምሕንድስና ሊማሩ ነበር፤ ነገር ግን ልባቸው ወደ ሥዕል አዘነበለና ያንኑ ተማሩ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋው ባለ ቀለም የመስተዋት ሥዕል የእርሳቸው ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሁለት ተማሪዎች እንናገር። በአንድ ወንበር የሚቀመጡ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንደኛው ከመጽሐፍ ውስጥ ያገኘውን የአንበሳ ሥዕል በስስ ወረቀት ሥር አድርጎ፥ በመስኮት ብርሃን መሥመሩን እየተከተለ አወጣው። ጓደኞቹ ሁሉ አደነቁት። ሁለተኛው ጀበና አስቀምጦ እያየ ሣለ፤ ጀበናው ግን ተጣመመ። በላጲስ ደጋግሞ ቢያጠፋው ወረቀቱ ተቀደደ፤ ልጆቹም ሣቁበት። እርሱ ግን የተቀደደውን ገጽ ሳይጥል ቀኑን ጽፎበት አስቀመጠው፤ በማግሥቱም እንደ ገና ጀመረ።

የፈተና ቀን መምህሩ አንድ እንስራ በጠረጴዛ ላይ አቁመው፥ «ይህን ሣሉ» አሉ። የመጀመሪያው ልጅ ከሥር የሚከተለው መሥመር ስለሌለ እርሳሱን ይዞ ቀረ። ሁለተኛው ክንዱን ዘርግቶ ለካ፤ ጥላውን ለየ፤ እንስራውም በወረቀቱ ላይ ቆመ። ከፈተናው በኋላ የመጀመሪያው ልጅ አፍሮ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ፥ ትናንት የተሣቀበት ጓደኛው ወደ እርሱ መጣ። አልሣቀበትም፤ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ገልጦ አሳየው እንጂ። ያም የተጣመመውን ጀበና ከእንስራው ጋር አስተያይቶ፥ «እጅህ መቼ ተለወጠ?» ብሎ ጠየቀው። እርሱም፥ «እጄስ ያው እጄ ነው፤ ማየት ተማርሁ እንጂ» ብሎ መለሰለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አንድ ጀበና በመካከላቸው አስቀምጠው አብረው ይሥሉ ጀመር።

የመምህርን ሥራ ፊት ለፊት አስቀምጦ፥ እያዩና እየለኩ መቅዳት መልካም ትምህርት ነው፤ የቀድሞዎቹም እንዲሁ ተምረዋል። በሰው መሥመር ላይ መሥመር አስከትሎ «እኔ ሣልሁት» ማለት ግን ሐሰት ነው። ጉዳቱም ከሁሉ በፊት በራሱ በሠሪው ላይ ይደርሳል፤ ምስጋናውን ተቀብሎ ሙያውን ያጣልና።

ልጆች ሆይ፥ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት አስቡ። የመጀመሪያ ሥዕላችሁን አትጣሉት፤ ነገ ምን ያህል እንደ ሄዳችሁ የሚነግራችሁ እርሱ ነው። በባልንጀራችሁም ሥዕል አትሣቁ፤ ሣቅ ብዙ ልጆችን እርሳስ አስጥሏል። ከሁሉም ይልቅ አስተውሎ ማየትን ልመዱ። በዳኛ ፊት የቆመ ምስክር ያላየውን እንዳየ አድርጎ ቢናገር ንጹሕ ሰው ይጎዳል። ያየውን ብቻ መሣል የለመደ ልጅ ግን ባደገ ጊዜ ያየውን ብቻ መመስከር አይከብደውም።