ራሴላስ፦ ሁሉ የሞላለት መስፍን ምን ጎደለው?

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ»ን እ.ኤ.አ. በ1759 በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጻፈው፤ ገንዘቡ ለእናቱ ቀብር ነበር። ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ የፖርቱጋሉን ሚሲዮናዊ የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ግን ተርጉሟል። ወደ አማርኛ የመለሰልን ሲራክ ኅሩይ ነው።

ታሪኩ የሐበሻ መስፍን ታሪክ ነው። የነገሥታት ልጆች ተራራ በከበበው ለምለም ሸለቆ ይኖራሉ፤ ምግቡም ዘፈኑም ሞልቷል። ራሴላስ ግን 26 ዓመት ሲሆነው ሁሉም ሰለቸው። ፍየሎቹ ከጠገቡ ያርፋሉ፤ እሱ ጠግቦም አያርፍም። ከእህቱ ከነካያና ከገጣሚው ኢምላክ ጋር ተራራውን ቦርቡሮ ይወጣል፤ እንዴት መኖር እንደሚሻል ሊጠይቅ ካይሮ ይገባል።

ለአሶሳ አንባቢ ቅርቡ ሰው ኢምላክ ይመስለኛል። የጎጃም ነጋዴ ልጅ ነው፤ አባቱ ሹማምንት እንዳይቀሙት ሀብቱን ይደብቃል። ወርቅ የሩቅ ጌታን እንደሚጠራ የቤኒሻንጉል ሰው ያውቃል። የግብጹ መሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ሱዳን ላይ ጦር ያዘመተው አንድም ለወርቅ ነው፤ ወደ ሰባ ሲጠጋም ራሱ ከቤኒሻንጉል አጠገብ እስካለው ፋዞግሊ ድረስ ሄዷል። የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ ለምኒልክ በወርቅ ይገብሩ ነበር፤ የአዲስ አበባው ሾጎሌ ሰፈር የተጠራው በእሳቸው ስም ነው።

ሆኖም ጆንሰን ወርቅን አይረግምም። የነካያን ደንገጡር ፔኩዋን ፈረሰኞች ከፒራሚዱ ደጃፍ ሲጠልፏት የምትመለሰው በ200 አውንስ ወርቅ ነው፤ ስድስት ኪሎ ያልፋል። መንጌ ወይም ኩርሙክ ወንዝ ዳር አሸዋውን በገበቴ እያጠበች፣ ቀላሉን ውኃው ወስዶት ከሥር የቀረችውን ብናኝ በግራም ለምትሸጥ ሴት ይህ ስንት እንደሆነ መገመት አያቅትም። ስለዚህ መጽሐፉን ድሃ በድህነቱ ይጽና የሚል ስብከት አድርጎ ማንበብ በደል ነው። ወርቅ ሰው ያስፈታል፣ ልጅ ያስተምራል። እነራሴላስ በመንገድ ያገኙት ባለጸጋ ግን የግብጹ ገዢ ፓሻው እንዳይወርሰው ፈርቶ ንብረቱን ወደ ሌላ አገር አሽሽቷል፤ እንቅልፍ የለውም።

መልስ የሚመስል ነገር የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ የግብጽ ሙታን በተኙበት ዋሻ ውስጥ ነው። ስለ ነፍስ ተነጋግረው ሲያበቁ ነካያ ከእንግዲህ የማስበው ስለ ዘላለሙ ነው ትላለች። ራሴላስ ግን አሁንም በፍትሕ የሚገዛት ትንሽ መንግሥት ይመኛል፤ የሕዝቧንም ቁጥር በሐሳቡ ይጨምራል እንጂ አይወስንም።