ሦስት መቶ ትሪ፣ ሦስት መቶ ሰው

አሜሪካ ውስጥ በሆስፒታልና በነርሲንግ ሆም የሚሠራ አበሻ ብዙ ነው፤ ነርሱ፣ ሲኤንኤው (የነርስ ረዳቱ)፣ ዕቃ አጣቢው፣ ትሪ አድራሹ። ነርስ ለመሆን ምን እንደሚያስፈልግ ቡና ላይ ሁሉ ይወራል። የምግብ ክፍሉ ዳይሬክተር ሥራ ግን እምብዛም ሲነሳ አይሰማም። እኔ ይህ ሙያ በደንብ ሊታወቅ ይገባዋል እላለሁ። ሬስቶራንቱ ያልጣመው ደንበኛ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ግን መሄጃ የለውም። ዛሬም፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም የሚበላው ዳይሬክተሩ ያዘጋጀለትን ነው።

ሥራው ፍንትው ብሎ የሚታየው ከምሳ በፊት ባለችው አንድ ሰዓት ነው። ትሪዎቹ በመስመር ይደረደራሉ። በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ወረቀት አለች፤ ስም፣ የክፍል ቁጥር፣ ሐኪም ያዘዘው የአመጋገብ ዓይነት፣ አለርጂ፣ የሚወደውና የማይወደው። የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ቀጣዩ ይጨልፋል፣ መጨረሻ ላይ የቆመው ወረቀቱንና ሳህኑን አመሳክሮ ያሳልፋል። አንደኛው ሰው ስኳር አለበት፤ ዳቦውና ሩዙ በልክ ነው። ሁለተኛዋ ኩላሊቷ ደክሟል፤ በሙዝና በድንች ውስጥ ያለው ፖታሲየም ደሟ ውስጥ ከተጠራቀመ የልብ ምቷን ያዛባል። ሦስተኛው ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ይወስዳል። ለእርሱ ጎመን ጨርሶ አይከለከልም፤ ዛሬ ሞልቶ ነገ እንዳይጠፋ መጠኑ መጠበቅ አለበት። እንዲህ ያለው ትሪ ሦስት መቶ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ሳይበርድ መድረስ አለበት።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልገው መዋጥ የሚያስቸግረው ሰው ነው። ስትሮክ፣ ፓርኪንሰን ወይም የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ውኃ እንኳ ትን ሊለው ይችላል፤ ወደ ሳንባው የገባው ምግብ ደግሞ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ብዙ አገሮች የሚሠሩበት ከ0 እስከ 7 ያለው ዓለም አቀፍ የምግብና የመጠጥ ልስላሴና ውፍረት ደረጃ ሰንጠረዥ አለ። በደረጃ 5 ለአዋቂ የሚቀርብ ሥጋ ከ4 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ተደርጎ ይከተፋል፤ በሹካ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ያህል ማለት ነው፤ ስለዚህ መለኪያው ሹካው ራሱ ነው። መጠጥ የሚፈተነው በ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ነው፤ ቀዳዳውን በጣት ደፍነው ይሞሉታል፣ ከዚያ ጣታቸውን ያነሡና 10 ሰከንድ ይጠብቃሉ። ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሊትር ከቀረ ደረጃ 2 ነው፤ ከ8 በላይ ከቀረ ወደ ደረጃ 3 ይሻገራል። ጎበዝ ዳይሬክተር ይህን ለሠራተኞቹ በቃል ነግሮ አይተውም፤ አብሯቸው ቆሞ ይለካል። የተፈጨውንም ምግብ ራሱ ይቀምሳል። ዶሮውና ካሮቱ ተቀላቅለው መልካቸው የማይለይ ሆነው ለአንድ አዛውንት ሲቀርቡ ማየት ልብ ይሰብራል። ለየብቻ ተፈጭተው፣ ቅመም አግኝተው፣ በቅርጽ ማውጫ ተስተካክለው መቅረብ ይችላሉ፤ ይህ ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ፈቃደኝነት ይጠይቃል።

ሙያው የቆየ ታሪክ አለው። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1855፣ በለንደን ስመ ጥር የነበረው ፈረንሳዊ ወጥ ሠሪ አሌክሲ ሶዬ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ወደምትሠራበት የስኩታሪ ወታደራዊ ሆስፒታል ሄዶ ወጥ ቤቱን እንደ አዲስ አደራጀ። የፈለሰፈው ምድጃ የእንግሊዝን ጦር ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሏል። በአሜሪካ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ማኅበር የተመሠረተው በ1917 ክሊቭላንድ ላይ ነው።

የነርሲንግ ሆም ምግብ ዛሬ በፌዴራል ደንብ ይመራል፤ የደንቡም መሠረት በ1987 የወጣው የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ ነው። በእራትና በማግስቱ ቁርስ መካከል ከ14 ሰዓት በላይ ማለፍ የለበትም፤ ነዋሪዎቹ ከተስማሙና ከመኝታ በፊት የሚያጠግብ መክሰስ ከቀረበ ብቻ እስከ 16 ሰዓት ይፈቀዳል። አንድ ሰው በአንድ ወር 5 በመቶ ወይም በስድስት ወር 10 በመቶ ክብደት ከቀነሰ ምክንያቱ ይመረመራል። ወጥ ቤቱም የራሱ ቁጥሮች አሉት። የበሰለ ምግብ ሲቀዘቅዝ ከ57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 21 በሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ወደ 5 በሌላ አራት ሰዓት መውረድ አለበት። ግዢው፣ በጀቱ፣ የፈረቃው ድልድል፣ በድንገት የሚመጣው ተቆጣጣሪ፣ ሁሉም የዳይሬክተሩ ነው።

ለእኔ ግን ጎበዙን ዳይሬክተር የሚለየው የተመለሰውን ትሪ ማየቱ ነው። የቀረበ ምግብ ገና የተበላ ምግብ አይደለም። ልምድ ያላቸው ዳይሬክተሮች ለሙከራ አንድ ተጨማሪ ትሪ ጋሪው ላይ ያስጭናሉ፤ የመጨረሻው ሰው ከተስተናገደ በኋላ እዚያው ፎቁ ላይ ሙቀቱን ይለካሉ፣ ይቀምሱታልም። ወጥ ቤት ውስጥ ትኩስ የነበረው ሾርባ ፎቅ ላይ ለብ ብሎ የሚገኘው ያኔ ነው። አንዳንዴ ምክንያቱ ምግቡም ሙቀቱም አይደለም። ቦስተን ውስጥ ተሠርቶ በ2004 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ ከፍ ያለ አልዛይመር ያለባቸው ሰዎች ምግባቸው በነጭ ፈንታ በደማቅ ቀይ ሳህን ሲቀርብ 25 በመቶ ያህል አብልጠው እንደበሉ አሳይቷል። በነጭ ሳህን ላይ ያለ የተፈጨ ድንች በደንብ አይታያቸው ይሆናል።

ወደ ቦታው የሚወስደው መንገድ ከታች ይጀምራል፤ ይህም ለእኛ ሰው ይመቻል። ዕቃ አጣቢ ወይም ዳያተሪ ኤይድ (የምግብ ክፍል ረዳት) ሆኖ የገባ ሰው ወጥ ሠሪ፣ ከዚያም ሱፐርቫይዘር ይሆናል። ቀጥሎ የሚመጣው ሰርቲፋይድ ዳያተሪ ማናጀር የሚባለው የሙያ ማረጋገጫ ነው። ከተለመዱት መንገዶች አንዱ እየሠሩ የሚማሩት የ120 ሰዓት ትምህርትና የ150 ሰዓት ልምምድ ነው፤ ከዚያ ፈተናው ይከተላል። ሙሉ ጊዜ የሚሠራ የሥነ ምግብ ባለሙያ (ዳይቲሺያን) በሌለበት ነርሲንግ ሆም ይህ ማረጋገጫ ደንቡ ከሚቀበላቸው የዳይሬክተርነት ብቃቶች አንዱ ነው።

የእኛ ሰው በዚህ ወንበር ላይ ቢበዛ የምወድበት ሌላም ምክንያት አለ። ሜሪላንድም ሆነ ሚኒሶታ፣ ወላጆቻችን ወደ ነርሲንግ ሆም መግባት ጀምረዋል። አንዲት እናት ለሕመሟ ቢፈቀድላትም ጾሟን አትፈታም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች። ስድስት ሰዓት ላይ የመጣው የዶሮ ትሪ እንዳለ ይመለሳል፤ መዝገቡ ላይ «አልበላም አለች» ተብሎ ይጻፋል፤ ክብደቷ ይቀንሳል። ምክንያቱን የሚያውቅ ዳይሬክተር ግን ከነርሷና ከዳይቲሺያኗ ጋር ተመካክሮ፣ መድኃኒቷ ከፈቀደ ሰዓቱን ያዘገየዋል፤ በዶሮው ፈንታ ምስር ወይም ሽሮ ያዛል። ሽሮ ደግሞ በደንብ ከተመታና ውፍረቱ ከተለካ መዋጥ ለሚያስቸግረውም ሰው ሊሆን ይችላል።

ይህን መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም። ምናሌው የነዋሪዎቹን ሃይማኖትና ባህል እንዲያንጸባርቅ በቂ ጥረት መደረግ እንዳለበት ደንቡ ራሱ ይናገራል። የእያንዳንዱን ነዋሪ የእንክብካቤ ዕቅድ በሚያወጣው ቡድን ውስጥም ከሐኪምና ከነርስ ጋር የምግብ ክፍሉ ሰው እንዲኖር ያዛል፤ ነዋሪውና ቤተሰቡም በተቻለ መጠን ይሳተፋሉ። የጾሙ ነገር፣ የሰዓቱ ነገር፣ የሽሮው ነገር የሚነሳው እዚያ ስብሰባ ላይ ነው።