አያት ሲረሱ፦ ስለ አልዛይመር ሕመም ቤተሰብ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

አልዛይመር የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ በመጎዳታቸው ምክንያት የማስታወስ፣ የማሰብና ራስን የመምራት ችሎታ እየተዳከመ የሚሄድበት ሕመም ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ስለ ሕመሙ በመግለጹ በስሙ ይጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 57 ሚሊዮን ሰዎች የመርሳት ሕመም የነበረባቸው ሲሆን፣ ከ60 እስከ 70 በመቶ ለሚሆነው መንስኤው አልዛይመር እንደሆነ ይገመታል።

በኅብረተሰቡ ዘንድ አረጋውያን መርሳት ሲጀምሩ «ጃጅተዋል» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሕመሙ ዕድሜ ሲገፋ የመከሰት ዕድሉ ቢጨምርም የእርጅና የግድ ውጤት አይደለም። ተላላፊ ወይም የእርግማን ውጤትም አይደለም።

ሕመሙ በቤት ውስጥ እንዴት ይታያል?

ሕመሙ በአብዛኛው አስቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገርን የሚመዘግበውን የአንጎል ክፍል ነው። በዚህም ምክንያት አያት የሠርጋቸውን ዕለት በዝርዝር እየተረኩ ቁርስ መብላታቸውን ሊረሱ ይችላሉ። ቤተሰብ ይህን ሲመለከት «ሲፈልጉ ያስታውሳሉ» በማለት ሊቀየም ይችላል፤ ሆኖም ሆን ተብሎ የሚደረግ አይደለም። አንድን ጥያቄ መደጋገም፣ በለመዱት ሰፈር መንገድ መሳት፣ የገንዘብ ሒሳብ ማምታታት፣ ያስቀመጡትን ዕቃ ሲያጡ ቤተሰብን በስርቆት መጠርጠር እንዲሁም የልጅ ልጅን አለማወቅ በየደረጃው ይታያሉ።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ ለምን ያስፈልጋል?

የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ ኢንፌክሽንና አንዳንድ መድኃኒቶች ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ፤ እነዚህም ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። ስለሆነም ምርመራ ሳይደረግ «አልዛይመር ነው» ብሎ መደምደም አይገባም። ምርመራው በአቅራቢያ ከሚገኝ ጤና ጣቢያ ሊጀመር ይችላል። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዞ መቅረብና ለውጡን በቅርብ ያየ የቤተሰብ አባል አብሮ መገኘት ሐኪሙን ያግዛል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የአባልነት መታወቂያቸውን፣ ወደ ሆስፒታል ሲላኩም የሪፈር ወረቀታቸውን መያዝ ይኖርባቸዋል።

አልዛይመርን ሙሉ በሙሉ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን ባይኖርም ምልክቶቹን ለተወሰነ ጊዜ የሚያቃልሉ መድኃኒቶች አሉ። ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማንም መድኃኒታቸውን ማቋረጥ የለባቸውም።

እንክብካቤ በቤት ውስጥ

• የተሳሳተ ነገር ሲናገሩ መከራከር ጭንቀትን ያባብሳል፤ በዝግታ፣ በአጭር ቃልና በአክብሮት ማነጋገር ይመረጣል።
• የከሰል ምድጃና የጋዝ ማብሰያ ያለ ጠባቂ ሊተውላቸው አይገባም።
• ከቤት ወጥተው ቢጠፉ እንዲገኙ የቤተሰብ ስልክ ቁጥር በልብሳቸው ኪስ ይቀመጥ።
• ጥጥ መፍተል፣ ቡና መልቀምና ጸሎትን የመሳሰሉ የለመዷቸውን ተግባራት እንዲቀጥሉ ማገዝ ክብራቸውን ይጠብቃል።

የእንክብካቤው ጫና ብዙውን ጊዜ በአንዲት ልጅ ወይም ምራት ላይ ይወድቃል። ይህች ሴት ሥራዋን፣ እንቅልፏንና ጤናዋን ልታጣ ስለምትችል ወንድም እህቶች ቀንና ወጪ ተከፋፍለው ሊያሳርፏት ይገባል። ልጆችም አያታቸው ስማቸውን የሚረሱት ፍቅራቸው ስለቀነሰ ሳይሆን ስለታመሙ መሆኑ ሊነገራቸው ይገባል።

ሕጋዊ ጉዳዮች

ጡረታን፣ የባንክ ሒሳብንና ንብረትን የሚመለከት ውክልና ሊሰጥ የሚችለው ሕመምተኛው የሚያደርገውን በሚገባ መረዳት በሚችልበት ጊዜ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ወካዩ ችሎታውን ሲያጣ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ውክልናው ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ቤተሰብ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት አቅርቦ ሞግዚት ማሾም ይጠበቅበታል። በመሆኑም ምልክቱ እንደታየ መመርመር ለሕክምናው ብቻ ሳይሆን፣ አረጋዊው ስለ ገዛ ንብረታቸውና አኗኗራቸው ራሳቸው እንዲወስኑም ጊዜ ይሰጣል።