ፒኤስኤ ሲወርድ ስካን ሲብስ፦ የፕሮስቴት ካንሰር ምስሎች ለምን አይስማሙም?

አንድ ታካሚ የሆርሞን ሕክምና ከጀመረ ሦስት ወር ሆኖታል እንበል። በደሙ የሚለካው የፕሮስቴት ፕሮቲን፣ ፒኤስኤው፣ ከ80 ወደ 4 ወርዷል፤ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣው የነበረው የወገብ ሕመምም ቀሎለታል። ሲቲ ስካኑ ንፍፊቶቹ መቀነሳቸውን ይናገራል። የአጥንት ስካኑ ግን «ሁለት አዳዲስ ምልክቶች ታይተዋል» ይላል። ቤተሰቡ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ የትኛውን እንደሚያምን ግራ ይገባዋል።

መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ እያንዳንዱ ምርመራ ምን እንደሚያይ መለየት ያስፈልጋል። በአጥንት ስካን ላይ ጨረር ያለው ቴክኒሺየም በደም ሥር ይሰጥና አጥንት ራሱን በሚጠግንበት ቦታ ይከማቻል። የሚታየው አጥንቱ የሰጠው ምላሽ እንጂ ካንሰሩ ራሱ አይደለም። የቆየ ስብራትና የመገጣጠሚያ ሕመምም በዚያው መልክ ሊታዩ ይችላሉ። ሲቲ ስካን የሚለካው መጠንና ቅርጽን ነው፤ ከ1 ሳንቲ ሜትር የጠበበ ንፍፊት ካንሰር ቢኖርበት እንኳ ብዙ ጊዜ ደኅና ተብሎ ይታለፋል። ኤምአርአይ በበኩሉ የፕሮስቴቱን ውስጥ፣ የአጥንት መቅኒንና ኅብለ ሰረሰርን አጥርቶ ያሳያል።

ከሁሉም አዲሱ የፒኤስኤምኤ ፔት ስካን ነው። ፒኤስኤምኤ በደም ከሚለካው ፒኤስኤ የተለየ፣ በአብዛኞቹ የፕሮስቴት ካንሰር ሴሎች ገጽ ላይ በብዛት የሚገኝ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በላንሴት የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ለሥርጭት የሚያሰጋ ካንሰር ያለባቸውን 302 ወንዶች መርምሮ፣ የዚህ ስካን ትክክለኛነት 92 በመቶ፣ የሲቲና የአጥንት ስካን ጥምረት ደግሞ 65 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። በነባሮቹ ስካኖች «ንጹሕ» የተባለ ሰው በፔት ሥርጭት ሲገኝበት፣ በሽታው በአንድ ሳምንት ውስጥ ተዛመተ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ቀድሞም የነበረው አሁን ታየ እንጂ። ይህም ስካን ቢሆን ይሳሳታል። የጎድን አጥንት ላይ የሚታይ ደካማ ነጠላ ነጥብ ብዙ ጊዜ ካንሰር ሆኖ አይገኝም፤ ፕሮቲኑን የማያወጡ ዕጢዎች ደግሞ ጭራሽ ላይታዩ ይችላሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ሕክምናው ሲሠራ የተጎዳው አጥንት መጠገን ይጀምራል፤ በአጥንት ስካን ላይ ይህ ጥገና አዲስ በሽታ ሊመስል ይችላል። ሐኪሞች ፍሌር ይሉታል። ከላይ ያነሣነው ታካሚ ሁኔታም ከዚህ ጋር የሚገጥም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች መመሪያ ስለዚህ ጉዳይ ግልጽ ደንብ አስቀምጧል፦ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ በተነሣው የመጀመሪያ የአጥንት ስካን ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አዳዲስ ምልክቶች ቢታዩ፣ በሽታው ገፍቷል የሚባለው በቀጣዩ ስካን ቢያንስ ሁለት ሌሎች ሲጨመሩ ነው። የሚሠራ መድኃኒት በችኮላ ተቋርጦ ዕድሉ እንዳይባክን ይህ ደንብ እጅግ ጠቃሚ ነው።

ተቃራኒው ግን ፈጽሞ ችላ አይባልም። ፒኤስኤ ዝቅ ብሎ ሳለ በጉበት ወይም በሌላ አካል ላይ ዕጢ እየጨመረ ከሄደ፣ ካንሰሩ ጠባዩን ለውጦ ፒኤስኤ ማመንጨት ትቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ናሙና መውሰድ፣ ወይም ስኳርን ተከትሎ የሚያነሣውን የኤፍዲጂ ፔት ማሠራት ሊያስፈልግ ይችላል። በኤፍዲጂ ደምቆ በፒኤስኤምኤ ግን የማይታይ ዕጢ ብዙውን ጊዜ ኃይለኛ ነው፤ ፒኤስኤምኤን አነጣጥሮ የሚሰጠው የሉቴሺየም ሕክምናም ለእንዲህ ዓይነቱ ዕጢ አይደርስም።

አንዳንዱ ልዩነት ደግሞ ከማሽኑና ከአንባቢው ይመጣል። የመጀመሪያውን ስካን ሕንድ ወይም ታይላንድ፣ ቀጣዩን አዲስ አበባ ያሠራ ታካሚ በሁለት ማሽን፣ በሁለት ራዲዮሎጂስት ዓይን ታይቷል። ስለዚህ የጽሑፍ ሪፖርቱ ብቻውን አይበቃም፤ ምስሎቹ ራሳቸው በሲዲ ተይዘው መጥተው አንድ ራዲዮሎጂስት ጎን ለጎን ቢያያቸው ብዙ ግራ መጋባት ይወገዳል። ሐኪሙንም «ይህ ስካን ከየትኛው ጋር ተነጻጸረ? ሕክምናው በተጀመረ በስንተኛው ሳምንት ተነሣ? ውጤቱ ሕክምናዬን ይለውጣል ወይስ ደግመን እናየዋለን?» ብሎ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው።

አንድ ነገር ግን ቀጣዩን ስካን አይጠብቅም፦ አዲስ የጀርባ ሕመም ከእግር መድከም ወይም ከሽንት መያዝ ጋር ከመጣ ኅብለ ሰረሰር እየተጫነ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ከዚያ ውጭ ባሉት ብዙ አለመስማማቶች ግን ፒኤስኤው፣ ምስሎቹና የታካሚው ስሜት አንድ ላይ ሳይመዘኑ በአንድ ወረቀት ብቻ ሕክምና መለወጥ አይገባም።