ከ«ፎርማት ይደረግ» በፊት ቁጥሩን እናንብብ

ዊንዶውስ 10ን ወደ ዊንዶውስ 11 ሊያሳድግ ሞክሮ መሃል ላይ የተቋረጠበት ሰው ላፕቶፑን ይዞ ጥገና ቤት ሲሄድ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ለጠጋኙ ሥራው የለመደውና ቶሎ የሚያልቅለት ነው። የባለቤቱ የዓመታት ሰነድ፣ የገዛው ፕሮግራምና ያስተካከለው ሁሉ ግን አብሮ ይሄዳል። በአብዛኛው ደግሞ ያለ ምክንያት ነው። አፕግሬዱን የሚያካሂደው ፕሮግራም ሲሰናከል አሮጌውን ዊንዶውስ ወደ ቦታው የሚመልስ፣ የተሰናከለበትንም ቦታ በቁጥር ጽፎ የሚተው ጥንቁቅ መሣሪያ ነው። ይህን ያህል ተደክሞበት የተሠራ ነገር ቁጥሩን የሚያነብለት ሰው ማጣቱ ያስቆጨኛል።

መነሻውን በአጭሩ ልበል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ በማይክሮሶፍት ዝርዝር የታቀፈ ፕሮሰሰር (ከኢንቴል በጥቅሉ 8ኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለውን) እና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። «ቲፒኤም የለም» ሲባል ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ባዮስ ውስጥ ስላልበራ ነው። በኢንቴል ማሽኖች ላይ ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ይገኛል። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ባዮሱን ከመንካታችሁ በፊት 48 አሃዝ ያለውን የማስከፈቻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፉት። ፋይላችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ ቻርጀሩን ሰኩ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አትጀምሩ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። አፕግሬዱ አራት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያው አሮጌው ዊንዶውስ እየሠራ ሳለ ኮምፒዩተሩ ይመረመራል፣ ዝግጅቱም ይጠናቀቃል። በሁለተኛው ማሽኑ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ፒኢ ወደሚባል ትንሽ ጊዜያዊ ሲስተም ይገባል፤ የአዲሱ ዊንዶውስ ፋይሎች የሚዘረጉት እዚያ ነው። በሦስተኛው አዲሱ ዊንዶውስ ለመጀመሪያ ጊዜ ይነሳል። በአራተኛው እንደገና ተነስቶ የመጨረሻው ማስተካከያ ይደረግለታል።

የስህተት ኮዱ ጥንድ ነው። አንደኛው ክፍል የችግሩን ዓይነት፣ ሁለተኛው ቦታውን ይናገራል። ሰዎች በስልካቸው ፎቶ አንስተው የሚልኩልኝ አንደኛውን ብቻ ቆርጠው ነው፤ ይህን ተዉ። በብዛት የሚታየው በ«ሲ1900101» የሚያልቀው ኮድ ለብቻው የሚነግረን አፕግሬዱ ተሰናክሎ መመለሱንና ጥፋቱ በአብዛኛው የድራይቨር መሆኑን ብቻ ነው። የትኛው ድራይቨር የሚለውን ፍለጋ የሚያጠበው ሁለተኛው ክፍል ነው፤ የእሱ የመጀመሪያ አሃዝ ምዕራፉን ያሳያል። 20017 ካለ የቆመው በሁለተኛው ምዕራፍ፣ 30018 ካለ በሦስተኛው፣ 40017 ካለ በአራተኛው ነው። በ80070070 የሚያልቀው ኮድ ደግሞ ምንም ምርመራ አይፈልግም፤ ሲ ድራይቩ ሞልቷል፣ ቦታ አስለቅቁ።

የአንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ዘመዴ ላፕቶፕ እንዲህ ተቋርጦ ፎርማት ሊደረግ ወረፋ ላይ ነበር። ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት በነበረ የአማርኛ ፕሮግራም የተጻፉ ደብዳቤዎች አሉበት፤ ያ ፎንት ከሌለ ጽሑፉ ሁሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅ ይሆናል፤ የፎንቱ ማስጫኛ ደግሞ ከጠፋ ቆይቷል። ቁጥሩ 40017 ነበር። በአራተኛው ምዕራፍ ሲቆም መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ከፋይል ሥርዓቱ ጋር ተጣብቀው የሚሠሩ የአንቲ ቫይረስና የምስጠራ ድራይቨሮች ናቸው። ከዓመታት በፊት ጊዜው አልፎበት «አጥፍቼዋለሁ» ያለችው አንቲ ቫይረስ ድራይቨሩ ያኔም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይነሳ ነበር። በአምራቹ ማጽጃ ፕሮግራም ከሥሩ ተነቀለ፣ ፕሪንተሩና የውጭ ሃርድ ዲስኩ ተነቀሉ፣ አፕግሬዱ እንደገና ተጀመረ፣ አለፈ። ደብዳቤዎቹም ፎንቱም በቦታቸው ናቸው።

የማያስፈልግ ዕቃ ሁሉ መንቀል ተራ ምክር ይመስላል፤ ነገር ግን አዲሱ ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያገኘው ዕቃ ባነሰ ቁጥር የሚጠረጠረው ድራይቨርም ያንሳል። ቁጥሩ በቂ ካልሆነ ፓንተር በሚባለው ፎልደር ውስጥ እያንዳንዱ እርምጃ የተመዘገበበት ፋይል አለ። ሺህ መስመር ማንበብ ለሚያታክተው ማይክሮሶፍት ሴትአፕዳያግ የተባለ ነጻ መሣሪያ ሠርቷል፤ መዝገቡን አንብቦ የደረሰበትን ምክንያት ያወጣል።

አፕግሬዱ ካለፈ በኋላም መመለሻ አለ። አሮጌው ሲስተም ዊንዶውስ ዶት ኦልድ በሚባል ፎልደር ለ10 ቀን ይቆያል፤ አዲሱ ካልተስማማችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መመለስ ይቻላል፤ ቀኑ ሳያልቅ በትእዛዝ ከተራዘመም እስከ 60 ቀን ይደርሳል። «ቦታ ያዘብኝ» ብላችሁ በማግሥቱ የምታጠፉት ግን የመመለሻ ድልድያችሁን ነው። እነዚያን ቀናት ፕሪንተሩን፣ ዋይፋዩን፣ የአማርኛ ኪቦርዱንና የሒሳብ ፕሮግራሙን አንድ በአንድ ለመሞከር ተጠቀሙባቸው።

ፎርማት ጊዜ አለው። ሲስተሙ ከሥሩ ተበላሽቶ ምንም ጥገና ካልመለሰው፣ ወይም ኮምፒዩተሩ ለሌላ ሰው የሚሸጥ ከሆነ ተገቢ ነው። ለተቋረጠ አፕግሬድ ግን የመጀመሪያ መድኃኒት ሊሆን አይገባም። ስለዚህ ላፕቶፑን ለጠጋኝ ስትሰጡ «የስህተቱ ቁጥር ስንት ነው? ሁለተኛው ክፍልስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን የሚያውቅ ጠጋኝ ካገኛችሁ ደንበኛ አድርጉት፤ ሳያነብ ፎርማት የሚል ከሆነ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ውጡ።