ሌንስ ልግዛ ወይስ ካሜራ ልቀይር? ከቡና ጥላ ሥር የተሠራ ሒሳብ

ሚዛን ተፈሪ ላይ ፎቶ ማንሳት የሚችል ወጣት ሥራ አያጣም። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ምርቃት አለ፣ ሠርግ አለ፣ ልደት አለ። የበበቃ ቡና እርሻም ቅርብ ነው፤ ቡናውን ለገዢ ማሳየት የሚፈልግ ሁሉ ጥሩ ፎቶ ይፈልጋል። የሚያስቸግረው ዕቃው ነው። ከምርቃት ሰሞን የተቆጠበችው ብር አንድ ነገር ብቻ ነው የምትገዛው። እሷ ያለ ቦታዋ ከዋለች የሚቀጥለውን ምርቃት መጠበቅ ነው።

እንግዲህ ብሩ ለየቱ ይዋል? ላለው ካሜራ አዲስ ሌንስ? ወይስ ኪስ የምትገባዋን ኮምፓክት ካሜራ በተሻለች መቀየር?

ከዕቃው በፊት ስለ ብርሃን እናውራ። የእኛ አገር የደቡብ ምዕራብ ቡና የሚያድገው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። እኩለ ቀን ላይ እንኳን ጫካው ውስጥ ደብዘዝ ይላል። ምርቃቱ የሚውለው በአብዛኛው ዝናብ ሲያጉረመርም ነው፤ የሠርግ አዳራሹም ያው አምፖል ነው። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ወይ ሸተሩን ያዘገያል፣ ያኔ ፎቶው ይንቀጠቀጣል፤ ወይ አይኤስኦውን ይጨምራል፣ ያኔ ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።

ሌላው መንገድ ሰፋ ያለ አፐርቸር ያለው ሌንስ ነው። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው የተለመደው 18-55 ሌንስ፣ ዙሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ አፐርቸሩ ኤፍ 5.6 ነው። ርካሹ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል። ልዩነቱ ሲሰላ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ነው። በ1/20 ሰከንድ ይነሳ የነበረው ፎቶ በ1/200 ገደማ ይነሳል ማለት ነው። ቡና የምትለቅም ሴት እጅ በመጀመሪያው ይደበዝዛል፣ በሁለተኛው ጥርት ብሎ ይወጣል።

ሌንሱ ግን እንከን አለው። ዙም የለውም። በመካከለኛ ዋጋ ካሜራዎች ላይ ዕይታው ጠበብ ስለሚል፣ ቤተሰቡን በሙሉ ለማንሳት ብዙ ወደ ኋላ መሸሽ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አሮጌው ሌንስ አይሸጥ። በኤፍ 1.8 ላይ ደግሞ ሙሽራው ጠርቶ ሙሽሪት ልትደበዝዝ ትችላለች፤ ለሁለት ሰው ወደ ኤፍ 4 መጠጋት ይሻላል።

ኮምፓክቷም ቀላል አይደለችም። ጥሩዎቹ ባለ አንድ ኢንች ሴንሰር ናቸው፣ ሌንሳቸውም ሰፊ ነው፣ ቪዲዮም ያምርላቸዋል፣ በባጃጅ ይዞ ለመሄድም አይከብዱም። ሆኖም ሴንሰራቸው የመካከለኛውን ካሜራ አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ውስጧ አቧራ ከገባ ወይም ሌንሷ ከተነከሰ ነጥሎ መቀየር የለም፣ ሙሉዋን ነው የምታጧት።

አሁን ወደ ብሩ። የካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ በፈረንጆቹ 2015 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 125 ዶላር ነበር። የዚያው ኩባንያ ጂ7 ኤክስ ማርክ 3 ኮምፓክት በ2019 ሲወጣ 749 ዶላር። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ባንክ ላይ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ለስሌት እንዲመች በ120 ብር ብንመታው ሌንሱ 15,000፣ ካሜራዋ 90,000 ብር አካባቢ ይመጣሉ። ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ ገና አልተነካም።

እንበል ከአንድ ሥራ ወጪ ተቀንሶ 1,500 ብር ይተርፋችኋል። ሌንሱ በ10 ሥራ ይመለሳል፤ ካሜራዋ 60 ሥራ ትጠይቃለች። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ የተተወ አማራጭ ዋጋ ይሉት የነበረው ይኼው ነው፦ የቀሩት 50 ሥራዎች ገንዘብ ሌላ ምን ይሠራላችሁ ነበር?

ሌንስ ዕድሜውም ረጅም ነው። ካኖን ይህን ዓይነት የሌንስ መግጠሚያ ያመጣው በ1987 ነው፤ የያኔዎቹ ሌንሶች ዛሬም በአዳፕተር አዳዲሶቹ ካሜራዎች ላይ ይሠራሉ። ቦዲ ስትቀይሩ ሌንሱ አብሯችሁ ይሻገራል። ኮምፓክትን በተመለከተ ገበያው ራሱ ተናግሯል፦ በ2010 በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን በላይ ኮምፓክት ካሜራ ወደ ገበያ ወጥቶ ነበር፤ በ2023 ከ2 ሚሊዮን በታች ሆነ። የበላው እጃችን ላይ ያለው ስልክ ነው። ስለዚህ አዲሷ ኮምፓክት ስልካችሁን በግልጽ ካልበለጠች ብራችሁን አታስነኩ።

ያገለገለ ሌንስ የምትገዙ ከሆነ ሁለት ነገር አትርሱ። ኒኮን ከሆነ፣ ፊደል ዲ ያለበት አሮጌው 50 ሚሊ ሜትር እንደ ዲ3000ና ዲ5000 ባሉ ቀላል ቦዲዎች ላይ ራሱ ፎከስ አያደርግም፤ ኤኤፍ-ኤስ የሚለውን ፈልጉ። ሌላው ሻጋታ ነው። ሚዛን ዝናብና እርጥበት የሚበዛበት አገር ነው። የስልክ ባትሪ አብርታችሁ በሌንሱ ውስጥ እዩ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ተዉት። ከገዛችሁ በኋላም በደንብ በሚከደን ዕቃ ውስጥ፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር አስቀምጡት።

ከመወሰናችሁ በፊት በመጨረሻ ያነሳችኋቸውን 100 ፎቶዎች ክፈቱና ያልወደዳችኋቸውን ለዩ። ስለጨለሙና ስለተንቀጠቀጡ ከሆነ ሌንስ ግዙ። ካሜራው ከብዷችሁ ቤት ስለቀረ ያመለጧችሁ ብዙ ከሆኑ ኮምፓክቷ ታዋጣለች። ያለችው ካሜራ ሌንሷ የማይፈታ ኮምፓክት ብቻ ከሆነች ደግሞ፣ ሌንስ የሚቀየርለት ያገለገለ ቦዲ እስኪገኝ ብሩ ባንክ ይቆይ።